በሣጥን የሚያረጅ ልብስ ማንንም አያሞቅም



ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ይሁንና በየቤቱ የልብስ ነገር እንደዚህ የሚታሰብበት ወቅት በዓመቱ ውስጥ ብዙ አይገኝም። እናቶች ሣጥን ይከፍታሉ፤ ነጠላና ጋቢ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ያለፈው ዓመት ቀሚስ ለልጅቱ ልክ መሆን አለመሆኑ ይሞከራል። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" የሚለው ብሂል በየአፉ የሚሰማውም በእነዚሁ ቀናት ነው።

ብሂሉ ላለው ሰው ደስታ ነው። ለሌለው ግን ሸክም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ልጁ ከጎረቤት ልጆች አንሶ እንዳይታይ ሲል በዱቤ የሚወስድ፣ ዕቁቡን ቀድሞ ለማንሣት ዳኛውን የሚማጠን ወላጅ በየሰፈራችን ይገኛል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ጨርቅም ሆነ የተሰፋ ልብስ በብር ሲተመን ይበልጥ ውድ ሆኗል። በበዓል ሰሞን ከልብስ መሸጫ ደጃፍ ዋጋ ጠይቆ፣ ጨርቁን በእጁ ዳስሶ፣ ሳይገዛ የሚመለሰው ሰው ቁጥር ቀላል አይደለም።

በሌላ በኩል በዚያው ሰፈር፣ አንዳንዴም በዚያው ግቢ ውስጥ፣ ማንም የማይለብሰው ልብስ ሣጥንና ቁም ሣጥን ሞልቶ ይገኛል። ልጆች ያደጉበት ቀሚስና ሹራብ፣ ወገቡ የጠበበ ሱሪ፣ ለአንድ ሠርግ ብቻ የተለበሰ ሙሉ ልብስ፣ ዘመድ ከባሕር ማዶ በሻንጣ ልኮት ለማንም ልክ ያልሆነ ጃኬት፣ ባለቤቱ ካረፈ በኋላ ማን እንደሚነካው ጠፍቶ ተሰቅሎ የቀረ ካፖርት፣ ይህ ሁሉ ዓመት እስከ ዓመት ይከርማል። ከፊሉን ብል ይበላዋል፤ ከፊሉን ሻጋታ ያበላሸዋል። "አንድ ቀን ይፈለግ ይሆናል" እየተባለ የተቀመጠው ልብስ የሚፈለግበት ቀን ሲደርስ ለመለበስ አይበቃም።

እኛ በዚህ የበዓል ዕትማችን ለማሳሰብ የምንፈልገው ነገር አንድ ነው። የማይለበስ ልብስ ዋጋ አለው። ዋጋ ያለውን ነገር ደግሞ ወይ በሚገባ ሸጦ ገንዘቡን ለቁም ነገር ማዋል፣ ወይም በክብር መስጠት ይገባል። ሁለቱም የተከበሩ መንገዶች ናቸው። የማይገባው ሁለቱን ማደባለቅ ነው፤ ይኸውም የሚጣለውን እየጣሉ ለገስኩ ማለት፣ ወይም የሰውን የላብ ዋጋ በአሮጌ ቀሚስ ማቻቻል ነው።

ከሽያጩ እንጀምር። የከተማ ቤተሰብ ደጃፉ ድረስ ሲመጣለት የሚያውቀው የአሮጌ ልብስ ገዥ ልዋጭ ነው። ሳፋ፣ ባልዲና ጆግ ተሸክሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየተጣራ በየመንደሩ ይዞራል። አንድ ኮትና ሁለት ሱሪ ተሰጥቶ አንድ የፕላስቲክ ሳፋ መቀበል የተለመደ ንግድ ነው። አባወራው ትቶት የወጣው ካፖርት ማታ ሲመለስ ባልዲ ሆኖ ስለጠበቀው የሚነሣው ጭቅጭቅ እንደ ቀልድ ቢወራም ከእውነት የራቀ አይደለም።

ይህን ስንል ልዋጩን ለመውቀስ አይደለም። እርሱ በፀሐይና በዝናብ ዞሮ፣ ያገኘውን ተሸክሞ ወደ ገበያ ይወስዳል። እንደ ምናለሽ ተራ ባሉት የመርካቶ መንደሮች አሮጌ የተባለ ዕቃ ተለይቶና ተጠግኖ እንደገና ዋጋ ያወጣል። ልብሱም እንዲሁ ይታጠባል፣ ቁልፍ ይተከልለታል፣ ይተኮሳል፤ ለመለበስ የማይበቃው መወልወያ ይሆናል። እንግዲህ የልዋጩ ትርፍ የድካሙ ዋጋ መሆኑን መካድ አይቻልም። ጥፋቱ ያለው ልብሱን የሚሰጠው ቤተሰብ የሰጠውን ነገር ዋጋ አለማወቁ ላይ ነው።

በመሆኑም ልዋጭ ከመጠራቱ በፊት ሊደረጉ የሚገባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ ልብሱ የማን እንደሆነ ይታወቅ፤ የሌላውን ሰው ልብስ ሳይጠይቁ መለወጥ የቤትን ሰላም ያናጋል። ሁለተኛ ኪሱ ሁሉ ይፈተሽ፤ በተረሳ ኪስ ውስጥ ገንዘብ፣ ሰነድና የጆሮ ጌጥ ሳይታይ ይሄዳል። ሦስተኛ የሚሰጠው ሳፋ ወይም ባልዲ በሱቅ ስንት እንደሚሸጥ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ የሚሰጡትና የሚቀበሉት ነገር የሚመዛዘነው ያን ጊዜ ነው። ልውውጡ ካላዋጣ በጥሬ ገንዘብ ለመሸጥ መጠየቅም ሆነ ጨርሶ መተው መብት ነው።

ከልዋጭ ሌላም መንገድ አለ። ነገር ግን ልብስን ለገበያ ማውጣት እንደ ውርደት የሚታይበት ቤት ጥቂት አይደለም፤ "ቢቸግራቸው ልብሳቸውን ሸጡ" መባል ይፈራል። እኛ ግን አሮጌ ፍሪጅና ያገለገለ መኪና መሸጥ የማያሳፍረው ሰው ሁለት ጊዜ ብቻ የለበሰውን ኮት መሸጥ የሚያፍርበት ምክንያት አይታየንም። ወላጆቻችን የሸሚዝ ኮሌታ ሲያልቅ አስገልብጠው፣ ከታላቅ የተረፈውን ለታናሽ አሳጥረው፣ ያረጀ ጋቢ ለአራስ ልጅ መጠቅለያ አድርገው አሳድገውናል። ልብስን እስከ መጨረሻው መጠቀም የድህነት ምልክት ሆኖ አያውቅም፤ የቤት አያያዝ ዕውቀት እንጂ።

በተለይ የሠርግ የሐበሻ ቀሚስ ሊታሰብበት ይገባል። ሸማኔው ድርና ማጉን አስማምቶ፣ ጥበቡን በእጁ ሠርቶ የሚያወጣው ቀሚስ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት አንድ ቀን ይለበስና ይታጠፋል። ባለቤቲቱ ለማስታወሻ ልታስቀምጠው ብትሻ መብቷ ነው። መሸጥ ብትፈልግ ግን አዲስ ለመግዛት አቅም ያጠራት ሙሽራ በደስታ የምትገዛው ነው። ዛሬ ያገለገሉ ልብሶች በቴሌግራም ጭምር ፎቶግራፋቸው ወጥቶ ስለሚሸጡ ገዥና ሻጭ ለመገናኘት አይቸገሩም። ከዚያ የሚገኘው ገንዘብም በሽሮ ሜዳ ከሚሸጡት አዳዲስ ሸማዎች አንዱን ለመግዛት ቢውል ሸማኔውም ከልውውጡ ድርሻ ያገኛል።

ልብሱን ለባለሱቅ ወይም ለልብስ ሰፊ አስረክቦ "ሲሸጥ ይከፈለኛል" በሚል ስምምነት መስጠትም ሌላው መንገድ ነው። ይህ አሠራር ለሁለቱም ወገን ይመቻል፤ ሻጩ ገበያ መዞር አይኖርበትም፣ ባለሱቁም ገንዘብ ሳያወጣ የሚሸጥ ዕቃ ያገኛል። ሆኖም አደራ በመሆኑ በቃል ብቻ ሊታለፍ አይገባም። ልብሱ ከስንት ብር በታች እንደማይሸጥ፣ ባለሱቁ ከመቶ ስንት እንደሚወስድ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ሳይሸጥ ቢቀር ማን መጥቶ እንደሚወስደው፣ ቢጠፋ ወይም ቢቆሽሽ ማን እንደሚከፍል በአንዲት ወረቀት ላይ ተጽፎ ሁለቱም ቢፈርሙበት መልካም ነው። ብዙ ወዳጅነት የፈረሰው በትልቅ ክህደት ሳይሆን አስቀድሞ ባልተነገረ ትንሽ ነገር ነው።

ሻጩም በበኩሉ ግዴታ አለበት። ልብሱ ታጥቦ በሚገባ የደረቀ ይሁን። የጎደለ ቁልፍ ይተከል፤ የተበላሸ ዚፕ ይቀየር። የማይለቅ እድፍ ወይም የተጠገነ ቀዳዳ ካለ በግልጽ ይታይ እንጂ በእጥፋቱ ውስጥ አይደበቅ። አሮጌ ልብስ የሚገዛ ሰው በአብዛኛው ደግሞ የሚገዛበት ትርፍ ገንዘብ የሌለው ነው። እርሱን ማታለል ከማንኛውም ማታለል የከፋ ነው።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ የሕግ ጉዳይ አለ። በተለምዶ ሰልባጅ፣ በጉምሩክ ቋንቋ ልባሽ ጨርቅ የሚባለውን ያገለገለ ልብስ ለንግድ ከውጭ ማስገባት በሀገራችን የተከለከለ ነው። ይህም ሆኖ በቦንዳ ታስሮ በኮንትሮባንድ የሚገባው ልብስ በየገበያው ሲቸረቸር ይታያል። ጉዳዩ በሌሎች የአፍሪካ ሀገሮችም የመንግሥታት ክርክር እስከ መሆን ደርሷል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 በአንድ ኪሎ ግራም ልባሽ ጨርቅ ላይ የምትጥለውን ቀረጥ ከ0.20 ዶላር ወደ 2.50 ዶላር ከፍ አደረገች፤ በዚህም ምክንያት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ለሩዋንዳ አልባሳት ትሰጠው የነበረውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል አገደች። በእኛ ቤት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ልብስ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ድንበር ጥሶ የገባ ሸቀጥ ሳይሆን የቤተሰብ ንብረት ነው። ይህ ልብስ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በአነስተኛ ዋጋ መልበስ የሚፈልገው ዜጋ ፊቱን ወደ ኮንትሮባንድ የሚያዞርበት ምክንያት በዚያው መጠን ይቀንሳል።

አሮጌ ልብስ በአግባቡ ካልተያዘ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ወደ ጋና መመልከት ይበቃል። በዋና ከተማዋ በአክራ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 መጀመሪያ ከፍተኛ የእሳት አደጋ የደረሰበት የካንታማንቶ ገበያ፣ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከሌሎች ሀገሮች የሚመጣ አሮጌ ልብስ የሚራገፍበት ነው። ሀገሬው ይህን ልብስ በቋንቋው "የሞተ ነጭ ሰው ልብስ" ይለዋል። ነጋዴዋ ቦንዳውን ሳታየው ገዝታ ስትፈታው ከውስጡ የተቀደደ፣ ያደፈ፣ ማንም የማይገዛው ልብስ ይወጣል። እርሱም ወደ ቦይና ወደ ባሕር ዳርቻ ይጣላል። ከዚያ ልብስ ብዙውን መጀመሪያ የሰጠው ሰው በጎ ሥራ የሠራ መስሎት ነበር። በእውነቱ ግን ያደረገው የቤቱን ቆሻሻ ወደ ሌላ ሰው ደጃፍ ማዛወር ነው። ይህ በሀገሮች መካከል የሚታየው ነገር በጎረቤቶች መካከልም ይደርሳል።

በአንጻሩ መልካም ምሳሌም አለ። ኤድጋር ሔልምስ የተባሉ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እ.ኤ.አ. በ1902 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የጀመሩት ሥራ ነው። ከባለጸጎች ቤት አሮጌ ልብስና ዕቃ ይሰበስባሉ፤ ሥራ ያጡ ድሆች እንዲጠግኑት ያደርጋሉ፤ የተጠገነው በአነስተኛ ዋጋ ይሸጥና ከሽያጩ ለሠራተኞቹ ደመወዝ ይከፈላል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በደንብ የሚያውቋቸው የጉድዊል መደብሮች መነሻቸው ይኸው ነው። ከዚህ አሠራር የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ። የጠገነው ሰው ምጽዋት ሳይሆን ደመወዝ ተቀበለ። የገዛው ሰውም የተሰጠውን ሳይሆን የወደደውን መርጦ ለበሰ። በዝቅተኛ ዋጋ መሸጥ አንዳንድ ጊዜ በነፃ ከመስጠት ይልቅ የተቀባዩን ክብር ይጠብቃል።

ይህን ለማድረግ በሀገራችን አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም። ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ያለው እድር፣ አባላቱ የሚተዋወቁበት ማኅበርና ሰንበቴ በየሰፈሩ አለ። እድሩ ለአንድ ቅዳሜ ድንኳኑን ተክሎ፣ አባላቱ ታጥቦ የተተኮሰ ልብስ አምጥተው፣ በሰፈር ሰው አቅም ቢሸጥና ገቢው ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን የበዓል መዋያ ቢሆን ምን ያግደዋል? ገዥው አይዋረድም፤ ሰጪውም አይመካም፤ አረጋዊውም በዓሉን ጾሙን አይውልም።

ወደ መስጠቱ ስንመጣ፣ መጥምቁ ዮሐንስ በዮርዳኖስ ዳር ሕዝቡ ምን ማድረግ እንደሚገባው በጠየቀው ጊዜ አስቀድሞ ያነሣው የልብስን ነገር እንደነበረ እናስታውሳለን። ሁለት ያለው ለሌለው እንዲያካፍል አስተማረ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ያስተማረው ስለ አሮጌና ስለ ትርፍራፊ አለመሆኑ ነው። ከሁለቱ አንዱን አለ እንጂ ከሁለቱ የከፋውን አላለም። ዛሬ ልደቱን የምናከብረው ጌታም በከብቶች በረት ተወልዶ በጨርቅ የተጠቀለለ ነውና፣ የልብስ ነገር ከበዓሉ የራቀ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ሰጪው ልብሱን ከመስጠቱ በፊት "እኔ ብሆን ይህን ለብሼ ከሰው ፊት እቆማለሁን?" ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ አይደለም ከሆነ ልብሱ መወልወያ ይሁን፤ ስጦታ አይባል። የሚሰጠው ልብስ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ ይሰጥ። ከበዓሉ በኋላ ሳይሆን ከበዓሉ በፊት ይድረስ፤ የጥምቀት ቀሚስ በጥር 13 ቢመጣ ለልጅቱ ምን ያደርግላታል? ለልጅ የሚሰጥ ልብስ ለወላጁ በጓዳ ይሰጥ እንጂ በልጆች ፊት አይሁን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከተሰጠ በኋላ ስለ ልብሱ አይወራ። ታቦት ሲሸኝ በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል "ይህ የእኛ ልጅ ቀሚስ አይደለም እንዴ?" የምትል አንዲት ቃል ስጦታውን ታፈርሰዋለች። ልጅቱም ያን ቀሚስ ከዚያ በኋላ በደስታ አትለብሰውም።

የሟች ዘመድ ልብስም እንዲሁ ነው። ኀዘኑ እስኪበርድ ማቆየት የሚገባ ቢሆንም ለዓመታት ቆልፎ ማስቀመጥ ለሟችም ለቋሚም አይጠቅምም። ለማስታወሻ አንድ ነገር ተለይቶ የቀረው ለሚለብሰው ሰው ቢሰጥ፣ ሟቹን ከልብ የሚያመሰግን ሌላ ሰው ይገኛል።

በመጨረሻም በብዙ ቤት የሚታይ፣ ነገር ግን በብዙ ቤት የማይነገር ጉዳይ እናንሣ። የቤት ሠራተኛ ደመወዝ እንዲጨመርላት ስትጠይቅ "ስንት ልብስ ሰጥቼሻለሁ!" የሚል መልስ የምትሰማበት ቤት አለ። ሲሰጣት ስጦታ ነበር፤ ስትጠይቅ ደመወዝ ሆነ። ይህ ፍርድ አይደለም። ያቺ ሠራተኛ በአሮጌ ቀሚስ ለታናናሾቿ የትምህርት ወጪ መሸፈን አትችልም፤ ለእናቷም ቡና መግዛት አትችልም። ልብሱ ስጦታ ከሆነ ስጦታ ይሁን፣ ዳግመኛም አይቈጠር። በደመወዝ የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ዋጋው ተነግሯት፣ ወዳና ፈቅዳ ትቀበለው፤ ካልፈለገች "ይቅርብኝ" የማለት መብት ይኑራት። እርሷም እንደማንኛውም ወጣት ለጥምቀት በገዛ ገንዘቧ፣ በገዛ ምርጫዋ የገዛችውን ቀሚስ ለብሳ መውጣት ትሻለች። የሚገባት ደመወዝ በጊዜው ቢከፈላት፣ ለበዓሉም ዕረፍት ቢሰጣት ከሣጥን ሙሉ አሮጌ ልብስ ይበልጥባታል።

ስለዚህ ከዛሬ እስከ ከተራ ባሉት ቀናት እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ማታ ተሰብስቦ ሣጥኑን ይክፈት። ልብሱን በሦስት ይክፈለው፤ የሚለበሰውን ለብቻ፣ የሚሸጠውን ለብቻ፣ የሚሰጠውን ለብቻ ያድርገው። ልጆችም ተቀምጠው ይዩ፤ የሚያድጉበትን ልብስ ለማን መስጠት እንደሚሹ እነርሱም ይጠየቁ። የሚሸጠው በእውነተኛ ዋጋው ይሸጥ። የሚሰጠው በጊዜው፣ በንጽሕናና በዝምታ ይሰጥ። ያን ጊዜ ጥር 11 ቀን በየጥምቀተ ባሕሩ ከሚታየው ልብስ ከፊሉ ከእኛ ሣጥን የወጣ ይሆናል፤ የማን እንደነበረ ግን ማንም አያውቅም።